እናቱ የተመለሰችበት ፊልም

«አገር በሙሉ እየሰማ በድምፅ ማጉያ የዋሸው ማነው? እኔ ነኝ?» አለ አባቴ። «እኔማ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት። ‹ተመለሰች! ከእንግዲህ አትሄድም!› ብለህ ስትጮህ ጨው ሊገዛ የቆመው ሰው እንኳ ጥሎኝ ሮጠ።»

«ፊልሙ ያሳየውን ነው የተናገርኩት።»

«እንግዲያው አሁን ደግሞ ያላሳየውን ንገራት። በዚያ ውሸትህ አይደል እንዴ ከወንዝ ዳር አልነሳም ያለችው!»

«ወንዝ ዳር ያስቀመጣት የኔ ውሸት ብቻ ነው?»

እጁ ተነሳ። አልመታኝም። አዲሷ ሚስቱ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ እንደያዘች በመካከላችን ገብታ ነበር። ቢላዋ መያዟን እሷም የረሳችው ይመስለኛል።

«ተዉ! ሁለታችሁም ተዉ!» አለች። «ልጅቷን አዞ ከወሰዳት በኋላ ነው የምትስማሙት? ትናንት ውሃው ጉልበቷ ድረስ መጥቶባት ዓሣ አጥማጆች ናቸው ጎትተው ያወጧት። ምሳ ስሰጣት አትበላም። ‹እማዬ ስትመጣ ጠግቤ እንዳታገኘኝ› ትለኛለች። እኔ ምን ልበላት? የእንጀራ እናት ነኝ፤ ብነግራትስ ታምነኛለች?»

ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ነበርን። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስለወጣች የጣራው ቆርቆሮ ይንጣጣል። በጨው ጆንያና በአቡጀዲ ጣቃ መካከል ቆመን ለአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እውነቱን ማን ይንገራት ብለን እንጨቃጨቃለን። ልጅቷ እህቴ ናት። በእኔና በእሷ መካከል የተወለዱትን ሁለቱን ወባ ወስዷቸዋል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስኳር በሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ግጥም እጽፍ ነበር፤ አባቴ «ወረቀት ማበላሸት» ይለዋል።

ያን ፊልም እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

የመጣው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ መንገዱ ገና መኪና በሚያሳልፍበት ጊዜ፣ በመንግሥት ላንድሮቨር ከጎሬ ወርዶ ነው። የሲኒማው መኪና በዓመት አንዴ ብቅ ይላል። ስለ ወባ ትንኝ፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ጃንሆይ ጉብኝት ያሳይና ይሄዳል። በዚያ ዓመት ግን ከቆርቆሮ ሣጥኖቹ መካከል አንድ የውጭ አገር ታሪክ ተቀላቅሎ መጣ። ፈረንጆቹ የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ አላወቅኩም። የሚናገሩት እንግሊዝኛ አልነበረም፤ ንግግራቸው ግን በእንግሊዝኛ እየተጻፈ ከሥር ከሥር ይሮጣል።

የአውራጃው ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ ታሞ ተኝቶ ስለነበር እኔ ልተርጉም አልኩ። እንግሊዝኛዬ ከሚሲዮኖቹ ግቢ ከተጣሉ መጽሔቶችና ከአንድ መዝገበ ቃላት የተለቃቀመ ነው። መዝገበ ቃላቱን ከመካከሉ ወዲያ ምስጥ ስለበላው፣ ከእንግሊዝኛ ፊደላት በኋለኞቹ ግማሾች የሚጀምሩ ቃላት ለእኔ አልተፈጠሩም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ድምፅ ማጉያውን ለመያዝ እጄን ይበላኝ ነበር። ይህች ከተማ አንድ ቀን ዝም ብላ እኔን ብቻ እንድትሰማ እመኝ ነበር።

ከአባቴ ሱቅ የተዋሱትን አቡጀዲ በሁለት የማንጎ ዛፎች መካከል ወጠሩት። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ጀነሬተሩ ተነሳ። ሕዝቡ አሸዋው ላይ ተቀመጠ፤ ነጋዴው፣ ፖሊሱ፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ የመጣው፣ ከወንዙ ማዶ በታንኳ የተሻገረው፣ ሁሉም። እኔ ከመጋረጃው ጎን ቆሜ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በእናቴ ቋንቋ እናገራለሁ።

ታሪኩ የአንድ ልጅ ነው። ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፀጉሩ ነጭ የሚመስል፣ የጉልበቱ አጥንት ያገጠጠ ልጅ። አባትና እናቱ ይጣላሉ። እሱ ክፍሉ ውስጥ ተጋድሞ በግድግዳው በኩል ይሰማቸዋል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ የጀመረው። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ባልቴት በእናቴ ቋንቋ ጮክ ብለው ጠየቁኝ፤

«ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?»

«አልታሰረም፣ እናቴ። ክፍሉ ነው።»

«የማን?»

«የራሱ።»

«ብቻውን? በሩ ተዘግቶ? አክስት የለውም?»

ሰው ሳቀ። አንዱ ደገኛ ፖሊስ በአማርኛ «ዝም ይበሉ እንጂ፣ ሀብታም ስለሆነ ነው!» አላቸው። ባልቴቷ አማርኛውን ለመስማት ትንሽ ቆዩና «ሀብታም ከሆነማ አክስት ይቅጠር!» ብለው መለሱ። ከተማው በሙሉ ተንከተከተ። ቀጠል አድርገው ግን ሳይስቁ፣ «ለእኔ ስጡኝ፤ እኔ ዘንድ ይደር» አሉ። መጋረጃው ላይ ያለውን ልጅ እውነት የሚሰጧቸው ይመስል እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ያን ቃል ግን አልተረጎምኩትም። የፊልሙ ቃል አልነበረምና።

እናትየዋ ጥላ ሄደች። ልጁን ብዙ አልጋ ወደተደረደረበት ቤት ወሰዱት። እዚያ መስኮት ላይ ቆሞ መንገዱን ሲያይ ቆየ፤ በጣም ቆየ። ወፍራም ካፖርት ለብሷል። ቀጥሎ የፊልሙ ጥቅል ተቀየረና እናቱ አንድ ትልቅ ሣጥን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ታየች። ሣጥኑን ከፈተው። ያው ካፖርት ነው የወጣው! ገና ሳይሰጠው ለብሶት ነበር ማለት ነው። ይህን እኔ አይቼዋለሁ። ዓይኔ እንዲህ ያለውን አይስትም። ግን አፌ ውስጥ ያለው ዓረፍተ ነገር ያማረ ስለነበር እንዲበላሽብኝ አልፈለግኩም። ሦስቱ ለእራት ቀረቡ፣ አባትየው ዳቦ ቆረሰ፣ ልጁ አዲሱን ካፖርት አላወልቅም ብሎ እየሳቀ በላ፤ ፊልሙም እዚያ ላይ አለቀ። ከሥር የተጻፈውን ማንበብ ካቆምኩ ቆይቼ ነበር። ማጉያውን አፌ ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝ፤ «ተመለሰች! ከእንግዲህ አትሄድም! የጠበቀ ልጅ እናቱን አገኘ!» ብዬ ጮህኩ።

ፊልሙ እንዲህ ያለ ነገር አንድም ቦታ አልተናገረም።

እልልታው ቀለጠ። አባቴ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰማሁ የሚለው ውሸት ነው፤ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ለዚያ ለማያውቀው የፈረንጅ ልጅ አለቀሰ። ሌላውም አለቀሰ። እህቴ ግን አላለቀሰችም፣ አላጨበጨበችምም። ከመጋረጃው ፊቷን መልሳ እኔን ታየኝ ነበር። አንድ ነገር ቃል እንደገባላት ሰው ነበር የምታየኝ።

በማግስቱ ጠዋት የሲኒማውን ሰው ዕቃ ሲሸክፍ አገኘሁት። ፊልሙን እያጠነጠነ ብቻውን ይስቃል።

«ስማኝማ» አለኝ፣ «ትናንት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥቅል አገላብጬ ነው ያሳየሁት። ቁጥራቸውን ጎሬ ላይ ዝናብ አጥቦት!»

«ታዲያ... እናቱ?»

«እናቱማ ለአንድ ቀን መጥታ፣ ካፖርቱን ሰጥታ፣ ራት በልታ ትሄዳለች። ልጁ እዚያ መስኮት ላይ ነው የሚቀረው። መጨረሻው እሱ ነው።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ግን ምን አለበት? ሕዝቡ ወዶታል። እንዲያውም የእኛው ሳይሻል አይቀርም።»

እኔም አብሬው ሳቅኩ። ዛሬ ሳስበው ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ያ ሳቅ ነው።

እናታችን በዚያን ጊዜ ከሄደች አንድ ወር አልፏት ነበር። አባቴ ከወሎ ተነስቶ በጅማ በኩል ወደ ጋምቤላ የወረደ ነጋዴ ነው። መርከቦቹ ገና ከካርቱም በሚመጡበት ዘመን ነው የገባው። እናቴ የወንዙ ልጅ ናት፤ ወገኖቿ ከኢታንግ በታች ናቸው። በእነሱ ዘንድ ጋብቻ የሚታሰረው ዲሙይ በሚሏቸው ሰማያዊ የጥንት ዶቃዎች ነው። ዲሙይ አዲስ አይሠራም፣ ገበያም አይወጣም። ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ብቻ ይዞራል። አባቴ እናቴን ሊጠይቅ ሲሄድ ከሱቁ አንድ ካርቶን ሙሉ አዲስ ዶቃ ተሸክሞ ሄደ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ። ነጋዴ አይደል? ዶቃ ከተባለ ዶቃ ነው ብሎ ነው። አያቴ ካርቶኑን ተቀብለው ለመንደሩ ልጆች በተኑት ይባላል። ልጃቸውን ግን አልከለከሉም፤ እሷ ወዳ ሄዳለችና። ብቻ «እስካሁን አልተጋባችሁም» ይሉት ነበር፣ በመጣ ቁጥር፣ እየሳቁ።

ሃያ ዓመት ሙሉ አባቴ ይህን ቀልድ አልወደደውም። ዘመዶቹ «ከወገንህ አግባ» ብለው ከጅማ ሌላ ሚስት ባጩለት ጊዜ ግን ቀልዱ ጠቀመው። እናቴን ሊወስዳት የመጣውን አጎቴን ሱቁ ደጃፍ ላይ አቁሞ፣ «በራሳችሁ ሕግ ሚስቴ ሆና አታውቅም። ታዲያ ምን ፈታሁ? ምን በደልኩ?» አለው። አጎቴ አማርኛው ብዙም አይደለም፤ የገባው ግን ይመስለኛል። ምራቁን ትፍ ብሎ ወደ ታንኳው ሄደ።

የእናቴን ሣጥን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እህቴ ትምህርት ቤት ነበረች፤ አባቴ ሰዓቱን የመረጠው ለዚህ ነው። እናቴ ታንኳው ላይ ተቀምጣ፣ ሁልጊዜ በራሷ ቋንቋ ታናግረኝ የነበረች ሴት፣ ሃያ ዓመት አብሯት ኖሮ ቋንቋዋን ያልለመደው አባቴ እንዲሰማ ነው መሰለኝ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ «አንተ ትልቅ። አንተ ንገራት» አለችኝ።

እህቴ ስትመጣ አባቴ «እናትሽ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች። ባሮ ሲሞላ ትመጣለች» አላት። ወደ እኔም ዞሮ አየኝ። ከክረምቱ በኋላ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሊልከኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ እዚያ ትምህርት እገባለሁ፣ ግጥሞቼን የሚያነብ ሰው አገኛለሁ ብዬ በደስታ አብጄ ነበር። ዝም አልኩ። እናቴ በዓሣ አጥማጆች እጅ ሁለት ጊዜ የደረቀ ዓሣ ልካልናለች። ሁለቱንም ጊዜ ተቀብዬ «ከገበያ ነው» ብዬ ለእህቴ አቀረብኩላት። በላች። «ጣፋጭ ነው፣ እማዬ የምትሠራውን ይመስላል» አለችኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እንግዲህ በዚያ የአባቴ ውሸት ላይ ነው የእኔ ጩኸት የተደረበበት። ባሮ ሲሞላ ትመጣለች፤ የጠበቀ ልጅ እናቱን ያገኛል። ዘጠኝ ዓመት ለሆናት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋታል? ሐምሌ ገባ፣ ባሮ ሞላ፣ መልኩ ቡና መሰለ። እህቴ ከአሮጌው ወደብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከታች የሚመጣውን ታንኳ ሁሉ መቁጠር ጀመረች። ለፊልሙ ልጅ ያለቀሰው ከተማ በየቀኑ በአጠገቧ ያልፋል። አንዳንዱ «አይዞሽ፣ ትመጣለች» ይላታል። አንዳንዱም ፊልሙን ያስታውሳትና ይስቃል። «ለእኔ ስጡኝ» ያሉት ባልቴት ብቻ ናቸው አጠገቧ የሚቀመጡት። እሳቸውም የሚያውቁት እኔ የነገርኳቸውን ነው።

ጭቅጭቃችን ገና ሳይበርድ እህቴ በጓሮ በር ገባች። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል፤ በእግሯ ላይ ጭቃ ደርቋል። ሦስታችንም ድምፃችንን ዋጥን። እሷ ዝምታውን ስትሰማ ፊቷ በራ።

«መጣች?» አለች።

የአባቴ ሚስት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ፤ በል፣ ጀምር።

«ነይ ቁጭ በይ» አልኳት። ጆንያው ላይ ተቀመጠች። እኔም ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አልኩ። «ያ ፊልም ትዝ ይልሻል? ተገለባብጦ ነው የታየው። መጨረሻ ያልነው መካከሉ ነበር።»

«ማን ገለበጠው?»

«የሲኒማው ሰው። ተሳስቶ።»

«ካፖርቱን ለዚህ ነው አስቀድሞ የለበሰው?»

እሷም አይታው ኖሯል። «አዎ» አልኳት።

«እናቱስ?»

«መጣች፣ ራት በላች፣ ሄደች። ልጁ እዚያ መስኮት ላይ ቀረ።»

«መንገድ ጠፍቷት ነው?»

«አይደለም።»

«ታማ ነው?»

«አይ፣ አልታመመችም።»

«ታዲያ ለምን አትመጣም?»

ለዚህ ጥያቄ ከሥር የተጻፈ ነገር የለም። ተነስቼ ወደ አባቴ ዞርኩ።

«እኔ የኔን ተናገርኩ። አሁን ያንተ ተራ ነው» አልኩት።

በሕይወቴ አባቴን «አንተ» ብዬው አላውቅም ነበር። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ይምታኝ ብዬም ተመኘሁ፤ ቢመታኝ ነገሩ የእኔና የእሱ ሆኖ ይቀር ነበር። አልመታኝም። ኮፍያውን አወለቀ፣ ራሱን አሸት አሸት አደረገና እህቴን ሳያይ፣ የጨው ጆንያውን እያየ ተናገረ።

«አትመጣም። እኔ ነኝ አትምጪ ያልኳት።»

እህቴ አልተነቃነቀችም።

«ከመጣሽ ልጅቷን ጅማ እልካታለሁ፣ ዕድሜ ልክሽን ዓይኗን አታይም አልኳት። እሷም አመነችኝ። ይኸው ነው። ዘመድ ልትጠይቅ አልሄደችም። እኔ ነኝ የላክኋት።»

«ወላሂ ይህን ለእኔም አልነገርከኝም!» አለች ሚስቱ። ቢላዋውን መሬት ላይ ጣለችው። «እሷ ናት ትታ የሄደችው አይደል ያልከኝ? እኔን በምን ላይ ነው ያስቀመጥከኝ?»

አባቴ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አሸንፌያለሁ። ለወራት ያንገበገበኝ ነገር ከእሱ አፍ ወጣ፤ እሱ ጥፋተኛ፣ እኔ እውነት ተናጋሪ። ገና ግጥሙን እንኳ እያሰብኩ ነበር ይመስለኛል።

እህቴ አባቷን ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ፣ ሳትቆጣ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ምኑን?»

«እንዳባረራት።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ሚስቱም አየችኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ ሁለቱም ዝም ብለው ያልፉኝ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሣጥኗን ታንኳው ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ።»

ከጆንያው ላይ ወረደች። ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ጨው በሁለት እጇ አራገፈች፤ ሌላ ሰው የሚጠብቃት ይመስል በጥንቃቄ አራገፈችው።

«ወዴት ነው?» አለ አባቴ።

«ቆይ አብሬሽ ልሂድ» አልኩ እኔ።

«አንተ አትምጣ» አለችኝ፤ በእናታችን ቋንቋ ነው ያለችኝ። ከአባቴና ከሚስቱ መካከል ያንን የተረዳ አልነበረም።

የጓሮው የቆርቆሮ በር ከታች ከመሬቱ ጋር ስለሚፋተግ ለመዝጋት ከፍ አድርጎ መግፋት ይጠይቃል፤ እኛ ትልልቆቹ እንኳ ብዙ ጊዜ ከፍተን እንተወው ነበር። እሷ ወጥታ ዞረች፣ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ከሥሩ ይዛ አነሳችው፣ ገፋችው፤ ተዘጋ።